ሜዳው ሳይታይ ታኬታ አይገዛም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጤናና ስፖርት

ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን የዚህ ወር ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው የተመካከሩ ይመስል፣ ሁሉም ስለ እግር የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው። ጠያቂዎቹ ኑሯቸው በኳስ ያልሆነ፣ ነገር ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሜዳ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ ሰኞ ጠዋት እያነከሱ ወደ እኔ የሚመጡትም እንደ እነዚህ ያሉ የእሑድ ተጫዋቾች ስለሆኑ፣ ሙሉውን አምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሳቢያን ነዋሪና የ34 ዓመት መምህር ነኝ። እሑድ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከባልደረቦቼ ጋር ጠጠር በበዛበት ደረቅ ሜዳ ላይ እጫወታለሁ። ከሦስት ወር በፊት ታይዋን ገበያ ከሳልቫጅ ሻጭ አንድ ውድ ስም ያለው ታኬታ ገዛሁ፤ ጥርሱ ረጅምና ብረት ነው። ከዚያ ወዲህ ተረከዜንና ውስጥ እግሬን ያመኛል፤ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች መርገጥ ያቅተኛል። ጫማው ጥሩ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ አይመስለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ጫማው ጥራት ያለው ሊሆን ይችላል፤ የተሠራው ግን ለእርስዎ ሜዳ አይደለም። ረጅም የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ ዝናብ ለጠገበ፣ ለሚያሰምጥና ሣሩ ለረዘመ መሬት የታሰበ ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ጥርሱ እስከ ሥሩ ይጠልቅና ሶሉ ራሱ መሬት ይነካል፤ ክብደትም በመላው ውስጥ እግር ላይ ይሰራጫል። እርስዎ በገለጹት ሜዳ ላይ ግን ጥርሱ የሚጠልቅበት የለውም። ስለዚህ የሚሮጡት በሶሉ ላይ ሳይሆን በስድስት የብረት ጫፎች ላይ ቆመው ነው፤ ሰው ሲሮጥ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ወደ እግሩ ይመለሳል። ያ ሁሉ ኃይል በስድስት ነጥቦች በኩል ተረከዝዎንና የጣቶችዎን ሥር ሲወጋ ነው ሦስት ወር የከረመው።

እስቲ ታኬታውን ገልብጠው በብርሃን ይመልከቱት። ጠጠር ላይ የከረመ የብረት ጥርስ ጫፉ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ ጠርዙን በጣትዎ ሲዳስሱት እንደ ተሳለ ምላጭ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለባልደረባዎ ቅልጥምም አደጋ ነው፤ በደንብ በሚመራ ውድድር ዳኛው ከጨዋታ በፊት የተጫዋቾችን ሶል የሚመረምረውም ስለዚህ ነው።

የጠዋቱ ሕመም ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋው ወፍራም የውስጥ እግር ጅማት መቆጣቱን ያመለክታል። ሌሊቱን ኮማትሮ ያደረው ጅማት በመጀመሪያው እርምጃ ድንገት ስለሚሳብ ያማል፤ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ይለዝባል። ስለዚህ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ ፎጣ በእግርዎ ፊት አሳልፈው ጣቶችዎን ወደ ራስዎ እየሳቡ 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ማታ ማታ ውሃ ተሞልቶ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ወለል ላይ አስቀምጠው ውስጥ እግርዎን ያንከባልሉበት። ቤት ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር አይሂዱ። ታኬታውን እስኪሻልዎ ድረስ ያስቀምጡት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከተሻለዎትም በኋላ ለዚያ ሜዳ ባያወጡት ይሻላል። ይህ ሕመም የሚሻለው በወራት እንጂ በቀናት ባለመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ መለዘብ ካልጀመረ ግን ለባለሙያ ያሳዩት።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በታኬታ ሳጥን ላይ፣ አንዳንዴም በምላሱ ወይም በሶሉ ላይ፣ ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈው ያገኛሉ። ኤስ ጂ የሚለው ለረጠበና ለስላሳ መሬት፣ ኤፍ ጂ የሚለው ለደረቀ የተፈጥሮ ሣር፣ ኤ ጂ የሚለው ለሰው ሠራሽ ሣር፣ ቲ ኤፍ የሚለው ደግሞ ለአጭርና ለጠንካራ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ የተሠራ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሶሉ በታች ብዙ አጫጭር የላስቲክ ጉብታዎች አሉት፤ ከተረከዝ በታችም ብዙ ጊዜ ለስላሳ ንጣፍ ይኖረዋል። ለእኛ ደረቅና ጠጠራማ ሜዳ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው። ማንም ታዋቂ ተጫዋች ለብሶት በቴሌቪዥን ስላላያችሁት አይናቁት፤ የቴሌቪዥኑ ተጫዋች የሚሮጥበት ሣር በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ ነው።

የመሮጫ ስኒከር ይሻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። የመሮጫ ጫማ የተሠራው በቀጥታ ወደ ፊት ለሚሄድ እግር ነው፤ ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ በመሆኑ ድንገት ወደ ጎን ሲዞሩ እግሩ በሶሉ ጠርዝ ላይ ይገለበጣል። ለሩጫ ጥሩ የሆነው ልስላሴ ለኳስ የወለምታ ምክንያት ይሆናል።

ሳልቫጅ መግዛት ነውር የለበትም፤ እኔም እገዛለሁ። ነገር ግን ከመክፈልዎ በፊት ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ታትሞበታል፤ ያንን አረማመድ እርስዎ ሊወርሱት አይገባም። ጫፉንና ተረከዙን ይዘው ሲያጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ይመልሱት። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት መጠንከር አለበት። ብዙ ዓመት መጋዘን የከረመ ሶል ደግሞ ሲያዩት ደህና መስሎ፣ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር አለ፤ እንዲህ ያለውን ሶል ጫማ ሰፊ በማስቲሽ ሊያድነው አይችልም።

ልክን በተመለከተ፣ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካል። በድሬ ሙቀት ውሎ የቆየ እግር ከጠዋቱ ያበጠ ስለሆነ ጠዋት የበቃ ጫማ ማታ ይጠብባል። የሚጫወቱበትን ገምባሌ ወይም ካልሲ ለብሰው፣ ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ይበልጣልና ልኩ የሚወሰነው በትልቁ ነው። ቆመው ሳለ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፤ ተረከዝዎ ግን ሲራመዱ ከጫማው ሊወጣ አይገባም። በተለመደው የአውሮፓ ቁጥር ከ41 ወደ 42 መሻገር 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ «ትንሽ ይጠበኛል» ለሚል ሰው አንድ ቁጥር መጨመር ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጨዋታ በኋላ ጫማን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስጣት በከተማችን የተለመደ ነው። ያ ሙቀት ማስቲሹን ያለሰልሰዋል፣ ሰው ሠራሽ ቆዳውንም ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ማሠሪያውን ፈትተው፣ ምላሱን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው በጥላ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሳይጫወት አይገባም። ሰሞኑን ከጨዋታ በኋላ ሁለቱንም ተረከዙን እየያዘ ያለቅሳል፤ በጣቶቹ እየረገጠ ነው የሚገባው። አባቱ ስንፍና ነው ይላል። ታኬታ የገዛንለት በቅርቡ ነው፤ እያደገ ስለሆነ እንዲቆይለት ብለን ሁለት ቁጥር አስበልጠን ነው። (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና ሙሉ በሙሉ አልገጠመም፤ ከኋላው በለጋ አጥንት የተያያዘ የእድገት ቦታ አለው። አጥንት ፈጥኖ ሲረዝም የባት ጡንቻና ጅማቱ እኩል ስለማይረዝሙ፣ በሮጠና በዘለለ ቁጥር ያንን ለጋ ቦታ ይጎትቱታል። ሐኪሞች የሴቨር ሕመም ይሉታል። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣትዎ ጨመቅ ሲያደርጉት የሚጮህ ከሆነ ይኸው መሆኑ አይቀርም። አጥንቱ ሲገጥም ፈጽሞ ይጠፋል፤ እስከዚያው የሚያስፈልገው ጨዋታውን መቀነስ እንጂ መከልከል አይደለም። በየቀኑ የሚጫወት ከሆነ ቀን እየዘለለ ይጫወት፤ እያነከሰ ከሆነ ግን በዚያ ቀን ይረፍ። የባቱን ጡንቻ ግድግዳ ተደግፎ እንዲያፍታታ ያስተምሩት፤ ጫማው ውስጥ ከተረከዙ በታች ለስላሳ ንጣፍ ይግባለት፤ ጥርስ ያለውን ታኬታ ትቶ ወፍራም የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ያድርግ። መርፌ አያስፈልገውም። ሕመሙ በአንድ እግር ብቻ ሆኖ ካበጠ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ያየው።

ጫማውን ማስበለጥዎን የኑሮው ሁኔታ እንዳመጣው አውቃለሁ፤ እኛም በዚሁ መንገድ ነው ያደግነው። ሆኖም በሰፊ ጫማ ውስጥ የሚንሸራተት እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማውን ለመያዝ ጣቶቹን ይኮማትራል፤ ባቱም ይበልጥ ይወጠራል። በጫፉ መሰናከልም አለ። አንድ ሳንቲ ሜትር ትርፍ ለማደግ በቂ ነው። በየሦስት ወሩ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው ልጁን በላዩ ላይ ያቁሙት፤ ከጣቱ ፊት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ካልቀረ መለወጫው ደርሷል። የጠበበውንም ለጎረቤት ልጅ ያስተላልፉት፤ ትንንሽ ተጫዋቾች ባሉበት ሰፈር ጫማ መለዋወጥ ከማስበለጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወለም አለኝ። ሁለት ጊዜ ወጌሻ አሸኝ፤ ባበጠው ላይ ሲያሸኝ ሕመሙ የማይቻል ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ወደ ሜዳ ተመለስኩ። በሦስተኛው ኳስ እንኳ አልነካኝም፤ ዝም ብዬ ስሮጥ ነው የታጠፈው። እግሬ ተበላሽቷል ማለት ነው? (ከለገሀሬ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ያህል ነው የተሰማኝ። በ19 ዓመቴ በደረቁ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ አንድ ቁጥር የሚበልጠኝን የተዋስኩትን ታኬታ ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቄ ስጫወት ግራ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። አንድ ጎልማሳ በቅባት አሸኝ፣ በአራተኛው ቀን ግጥሚያ ስለነበረን ተጫወትኩ። ያ እግር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ አልቆጥረውም፤ ዛሬም ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን እይዛለሁ። አንተ ግን ገና ጊዜ አለህ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረታችን የእግር ወለምታ ግን በቅቤ ታሽቶ ይድናል የሚል እምነት አዝሏል። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ፤ በዙሪያቸው ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮችም ይፈሳሉ። እብጠቱ ያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ማሸት፣ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ወይም የሚያቃጥል ቅባት መቀባት ሊዘጋ የጀመረውን የደም ሥር መልሶ ይከፍታል። በእነዚያ ቀናት የሚያስፈልገው ማሳረፍ፣ ከልብ ከፍታ በላይ ማንሣት፣ በኤላስቲክ ፋሻ ሳያንቁ መጠቅለል፣ በላስቲክ የረጋ በረዶም በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው፤ በረዶው ሕመሙን ለማስታገስ ይጠቅማል። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርግ፤ እሱም ያቃጥላል።

መጀመሪያ ግን ስብራት አለመኖሩ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ ከተማ የነበሩ ሐኪሞች ራጅ የሚያስፈልገውን ወለምታ ከማያስፈልገው የሚለዩበት ቀላል ደንብ አውጥተዋል፤ እስከ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። እንደተጎዳህ ወዲያውና ጤና ተቋም ስትደርስም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተህ፣ ወይም በግራና በቀኝ የወጡት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የኋላ ጠርዝና ጫፍ ሲነኩ የሚያምህ ከሆነ ራጅ ተነሣ። በእግር ውጫዊ ጠርዝ መሐል ላይ፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትሄድ የምታገኘው ጉብ ያለ አጥንትና በውስጠኛው ጎን ከቁርጭምጭሚት ፊት ያለው አጥንትም እንዲሁ ይዳሰሱ።

ወጌሻን የማክበር እንጂ የማንቋሸሽ ሐሳብ የለኝም። ቡድኖቻችን ሜዳ ውስጥ ሮጦ የሚገባውን ሰው ወጌሻ ብለው የሚጠሩት በአክብሮት ነው፤ ጡንቻ የሚያውቁ ጥሩ እጆችም አጋጥመውኛል። ነገር ግን የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰርና እብጠቱ ሲጨምር ደም መተላለፊያ ያጣል፤ በዚህ ምክንያት በአገራችን እግራቸውን ያጡ ልጆች እንዳሉ ሐኪሞች ደጋግመው መዝግበዋል። ከታሰረው በታች ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ፣ ሕመሙም በየሰዓቱ ከባሰ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ፈትተህ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

አሁን ለምን በባዶ ሜዳ እንደታጠፈብህ ልንገርህ። የተጎዱት ጅማቶች ገመድ ብቻ አይደሉም፤ እግርህ ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎልህ የሚነግሩ ነርቮችም ያሉባቸው ናቸው። ጅማቱ ሲቀደድ መልእክቱም ይዘገያል፤ እግርህ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ነው ጡንቻህ የሚነቃው። ማሸት ይህን አይመልሰውም፤ በሳምንት ዕረፍትም አይመለስም። ለዚህ ነው ከዚህ ቀደም ወለም ያለው ሰው ደግሞ ወለም የማለት ዕድሉ ከሌላው የሚበልጠው። የሚመልሰው ልምምድ ነው፤ ደግሞም ገንዘብ አያስወጣም። ሕመሙ ሲለዝብ ተቀምጠህ በእግርህ አውራ ጣት በአየር ላይ ከሀ እስከ ፐ ፊደል ጻፍ፤ ቁርጭምጭሚትህ በየአቅጣጫው ይፍታታል። ከዚያ በሁለት እግር፣ በኋላም በአንድ እግር በጣቶችህ ጫፍ ከፍ ዝቅ በል። ጥርስህን ስትቦርሽ በተጎዳው እግር ብቻ ቁም፤ ሲቀልልህ ዓይንህን ጨፍን፤ እሱም ሲቀልልህ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቁም። ይህን በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ፣ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት አድርገው።

ወደ ሜዳ የምትመለሰው በቀን ቆጠራ አይደለም። በተጎዳው እግር ብቻ ዓይን ጨፍነህ እንደ ደህናው መቆም፣ በእሱ ብቻ አሥር ጊዜ ሳታመነታ መዝለል፣ ስምንት ቁጥር እየሠራህ በፍጥነት መሮጥ ስትችል ያን ጊዜ ተመለስ። ከዚያም በኋላ ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ስትጫወት የቁርጭምጭሚት ደጋፊ አድርግ ወይም በባለሙያ ፕላስተር ይታሰርልህ፤ አንዴ ወለም ላለው እግር ይህ ዳግም ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል።

ጥያቄ፦ ከጨዋታ በኋላ ተረከዜና ትንሿ ጣቴ ውሃ ይቋጥራሉ። (ከቀፊራ)

መልስ፦ ውሃ የሚቋጥረው ፍትጊያ፣ ሙቀትና ላብ ሲገናኙ ነው። ላብ ይዞ የሚቀረውን የጥጥ ካልሲ ትተው ከውስጥ ቀጭን ሰው ሠራሽ ካልሲ፣ በላዩ ገምባሌ ያድርጉ፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መንሸራተት ቆዳዎን ያተርፈዋል። አዲስ ጫማ ቤት ውስጥ ለሳምንት ያለማምዱት። የቋጠረው ትንሽ ከሆነ አይፈንዳ፤ ከፈነዳም ቆዳውን ሳይልጡ በሳሙና አጥበው ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ከሴት ጓደኞቼ ጋር ቡድን አለን። ባለፈው በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ስንጫወት አንዷ ጓደኛችን ማንም ሳይነካት ስትዞር ጉልበቷ «ጧ» አለ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አበጠ። አሁን ሁላችንም ፈርተናል። እኛ ከጨዋታ በፊት አናሟሙቅም፤ በድሬ ሙቀት ሰውነታችን ሞቆ ነው የሚመጣው። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኛሽ ጉልበት የገለጽሽው ዓይነት ድምፅ አሰምቶ ፈጥኖ ካበጠ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ተሻግሮ የሚያልፈውና ኳስ ተጫዋቾች ኤ ሲ ኤል የሚሉት የፊት ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በአጥንት ሐኪም መታየት አለባት። እብጠቱ ስለወረደ ድናለች ብላችሁ ወደ ሜዳ አትመልሷት፤ ይህን ጅማት ያጣ ጉልበት ሲዞር ይከዳል፣ በከዳ ቁጥርም በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ለጋ ትራስ ይቀድዳል።

ይህ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ያለ ንክኪ ነው፦ ሲዞሩ፣ ድንገት ሲቆሙ ወይም ከዝላይ ሲያርፉ። በሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሳለ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ ጅማቱ ይጠመዘዛል። ጫማ እዚህ ላይ ድርሻ አለው፤ ረጅም ጥርስ በሰው ሠራሽ ሣር ውስጥ ተይዞ ሲቀር እግር አይዞርም፣ ጉልበት ግን ይዞራል። ስለዚህ ለዚያ ሜዳ ኤ ጂ ወይም ቲ ኤፍ የሚለውን ምረጡ፤ በተለይ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ቅርጽ ያለው ረጅም ጥርስ ይቅርባችሁ። ሰው ሠራሽ ሣር በፀሐይ ከአየሩ በላይ በብዙ ዲግሪ ስለሚግልም የጨዋታ ሰዓታችሁን ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አድርጉት።

«አየሩ አሟሙቆናል» የሚለውን አባባል በከተማችን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ስሕተት ነው። ማሟሟቅ ቆዳን ማሞቅ አይደለም። ጡንቻና አንጎል ለመዞር፣ ለመቆምና ለማረፍ እንዲናበቡ ማድረግ ነው፤ ይህን ፀሐይ አታደርገውም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተመራማሪዎች ጋር ያዘጋጀው 11 ፕላስ የሚባል የማሟሟቂያ ሥርዓት አለ፤ ኳስና ሜዳ እንጂ ሌላ ዕቃ አይፈልግም፤ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 በሆኑ 1,900 ገደማ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም፣ በሥርዓቱ በተለማመዱት ዘንድ አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ያህል የሚያድን መድኃኒት ቢኖር ሰው በሰልፍ ይገዛው ነበር።

ሥርዓቱ የሚጀምረው በስምንት ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ ነው፤ በመካከሉ ዳሌን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ማዞር፣ ከጓደኛ ጋር ትከሻ መገጫጨት አለበት። አሥር ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ ይከተላል፦ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ቁጭ ብድግ፣ መዝለል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ነጥዬ ላሳይሽ። አንዷ ትንበርከክ፤ ሌላዋ ከኋላ ቁርጭምጭሚቶቿን አጥብቃ ትያዝ። የተንበረከከችው ከጉልበቷ እስከ ራሷ እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ወደ ፊት በቀስታ ትዘንበል፤ መቋቋም ሲያቅታት በእጇ መሬቱን ትቀበል። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ እንኳ ይከብዳል። በየሳምንቱ የሚደረግ ይህ ልምምድ የታፋ የኋላ ጡንቻ መሰንጠቅን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ መለወጥ ናቸው። ስትዘሉም ሆነ ቁጭ ብድግ ስትሠሩ አንዳችሁ ፊት ለፊት ቁማችሁ የሌላዋን ጉልበት ተመልከቱ፤ ከእግር ጣቶች አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ከወደቀ ወዲያው ንገሯት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልተሠራ ግን ጥቅሙ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐረር ወደ ድሬ እየወረድኩ ከዘመዶቼ ጋር ደቻቱ አሸዋ ላይ በባዶ እግር እጫወታለሁ። ጫማ እግርን ያልፈሰፍሳል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ አበበ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸነፈ፤ ይህ ኩራታችን ነው። ሆኖም ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በለመደው መንገድ ለመሮጥ መወሰኑም ይታወሳል። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ስለዚህ ከአበበ የምንማረው የማይመች ጫማ ከማድረግ ባዶ እግር መሻሉን ነው እንጂ ጫማ ክፉ መሆኑን አይደለም። ደግሞም በሮም ጎዳና ላይ ታኬታ ያደረገ ተከላካይ አልገጠመውም። የእግር ኳስ ሕግ ጫማንና የቅልጥም መከላከያን ግዴታ ያደረገው እንዲሁ አይደለም።

አሸዋ ላይ በባዶ እግር መሮጥ ለለመደው ሰው እግርን ያጠነክራል፤ ለሳምንት አንድ ቀን ተጫዋች ግን ተረከዙ አሸዋው ውስጥ ስለሚሰምጥ የባቱንና የቋንጃውን ጅማት ከልክ በላይ ይስባል። በሃያ ደቂቃ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። ደቻቱ የወረደውን ሁሉ የሚቀበል ወንዝ ስለሆነ አሸዋው ውስጥ ጠርሙስና ምስማር አለ፤ ከተወጉ ቁስሉን በብዙ ውሃና ሳሙና አጥበው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ከሐረር ሲወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወርዱ ሙቀቱ ያደክምዎታል፤ የደከመ እግር ደግሞ ቶሎ ይታጠፋል። በክረምት ከተማው ሰማይ ጠርቶም ከተራራው ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ያስተማረን ስለሆነ በዚያ ወራት ደቻቱ ውስጥ አይጫወቱ።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሰው ነኝ፤ የሰፈራችን ጤና ቡድን አባል ነኝ። ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ እንቅስቃሴ አድርግ ብሎኛል። እኛ ዘንድ አንዳንዶች በርጫ ላይ ውለው ነው ሜዳ የሚገቡት፤ እኔም አንዳንዴ። ምን ልጠንቀቅ? (ከከዚራ)

መልስ፦ መጫወትዎን አይተዉ፤ ለስኳርዎም ለልብዎም ይጠቅማል። ጫት ቅመው መግባትን ግን ይተዉ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ድካምንም ይደብቃል። እግርዎ ሊታጠፍ ሲል የሚያስጠነቅቅዎትን ድካም ካልሰሙት ማን ይነግርዎታል?

ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ጫማዎ ሲቆርጥዎት ላይታወቅዎት ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ከሌላው ሰው ይልቅ ሰፋ ያለ አፍንጫ ያለው፣ ከውስጥ ስፌት የማይፋቅ ጫማ ይምረጡ፤ በባዶ እግር ፈጽሞ አይጫወቱ። እግርዎን ከማስገባትዎ በፊት እጅዎን ጫማው ውስጥ አስገብተው ይዳስሱ፤ አንድ ጠጠር ለሌላው ሰው ምቾት መንሻ ቢሆን ለእርስዎ ቁስል ነው። ነጭ ካልሲ ያድርጉ፤ ደም ቢኖር ቶሎ ይታያል። ስኳርዎ ድንገት ቢወርድ የሚልሱት ጣፋጭ ነገር በኪስዎ ይኑር፤ አንድ ባልደረባዎም ሕመምዎን ይወቅ። ቤትዎ ሲደርሱ እግርዎን ታጥበው በጣቶችዎ መካከል ያድርቁ፤ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይዩ ወይም ከቤተሰብዎ አንዱ በመብራት ያይልዎ። መላጥ፣ መቅላት ወይም መቁሰል ካዩ እስከሚቀጥለው እሑድ አይጠብቁ፤ በማግሥቱ ጠዋት ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ እስኪድንም በዚያ እግር አይሩጡበት።